ቶሎ ደራሹ ማዕድ

ባለፈው ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ወደ ሐዋሳ ወርደን ሳለ፣ የአንድ ሟች ባልንጀራችንን ልጅ ለምሳ ጋበዝነው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ በአንድ መሥሪያ ቤት ከተቀጠረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከቢሮ ወጥቶ እስኪመለስ ያለው ጊዜ አጭር መሆኑን ነገረንና፣ «እንግዲያውስ ቶሎ የሚደርስበት ቤት አውቃለሁ» ብሎ ወደ አንድ በርገር ቤት ይዞን ገባ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ቀይና ቢጫ ተቀብቷል፤ የምግቡ ሥዕል ከነዋጋው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ወንበሩም ማንም እንዳያንቀሳቅሰው ከወለሉ ጋራ በብሎን ታስሯል። ልጁ አዘዘ፤ እኛም እርሱ ያዘዘውን አዘዝን። ከዚያም ቶሎ ይደርሳል የተባለውን ምግብ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቁጭ ብለን ጠበቅነው።

በዚህ መካከል ነው ልጁ፣ «ጋሼ፣ እናንተ ተማሪዎች በነበራችሁበት ጊዜ እንዲህ ያለ ቤት አልነበረም። የቸኮለ ሰው ታዲያ ምን ይበላ ነበር?» ሲል የጠየቀን።

ሳቃችን መጣ። «ይህንንስ አባትህ ቢመልስልህ ይሻል ነበር፤ በዚህች ከተማ እንደ እርሱ ፈጥኖ የሚበላ ሰው አላየንምና» አልነው። ልጁ ግን አልሳቀም። አባቱን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። «እዚህ ይማር እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ምን ይበላ እንደ ነበር ግን የነገረኝ ሰው የለም» አለን። በርገሩ ሲመጣ የምሳው ሰዓት አልቆ ነበርና ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ እየሮጠ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥያቄው ግን እኛ ዘንድ ዕዳ ሆኖ ቀረ። እነሆ በዚህ ገጽ ላይ እንከፍላለን፤ የእርሱ እኩዮች የሆኑት ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞችም አብረው ቢሰሙን ደስ ይለናል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ቶሎ የሚደርስ ምግብ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አገራችን ግን የመንገደኛና የዘማች አገር ስለ ነበረች ይህን ጥበብ ከማንም አልተበደረችም። በሶ በጥብጦ ለመጠጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጭኮው፣ ቆሎው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ቋንጣው ሁሉ እሳት ሳይጠይቅ፣ ሳህን ሳይጠይቅ ከስልቻ ወደ አፍ የሚሄድ ነው። እርግጥ ነው፣ ዘማቹ በበቅሎው ላይ ሆኖ የሚቆረጥመውን እናቱና ሚስቱ ቀን ከሌት ቆልተው ፈጭተው ነው ያዘጋጁለት። ሐዋሳ ባለችበት በሲዳማ አገርም ቢሆን ለቡርሳሜ የሚሆነው እንሰት ዓመታት ፈጅቶ ያድጋል፤ ተፍቆም ጉድጓድ ውስጥ እስኪብላላ ይጠበቃል፤ ቅቤ ተጨምሮበት ከፊታችን ሲቀርብ ግን ወዲያው የተሠራ ይመስላል። ምግብ ፈጠነ ሲባል፣ በአንድ ስፍራ ሌላ ሰው ቀድሞ ደክሟል ማለት ነው።

ሐዋሳ እንደ ጎንደር ወይም እንደ ሐረር ያለ የቆየ ዕድሜ የላትም። ዕድሜዋ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ይቆጠራል፤ አቆራቆሯም ከልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስም ጋራ ተያይዞ ይነሣል። ያን ጊዜ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበር፤ ሐዋሳ ወንበሩን የወሰደችው በኋላ ነው። ስሟ በሲዳምኛ ሰፊ ማለት ሲሆን እኛ ለብዙ ዘመን «አዋሳ» እያልን ስንጽፈው ኖረናል። እንግዲህ አዲስ ከተማ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ልብ በሉ። ከየአገሩ ተዛውሮ የመጣ ጸሐፊ፣ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ የደረሰ ሾፌር፣ የሰፈሩ ወታደር፣ በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁ ሲከፈት ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ የእናት ጓዳ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። የእናት ጓዳ የሌለው ሰው በብዛት በተሰበሰበበት ስፍራ ደግሞ ቶሎ የሚደርስ ርካሽ ምግብ ሳይጠሩት ይመጣል።

ከአውቶቡስ ተራው እንጀምር። የሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ተሳፋሪውን ሲያጣድፍ፣ በሻይ ብርጭቆ እጅን እያሞቁ ቦንቦሊኖ መግመጥ የሐዋሳ መንገደኛ ቁርስ ነበር። ቦንቦሊኖው ስሙን ከጣልያን፣ ሳምቡሳው ከባሕር ማዶ ከምሥራቅ፣ ፉሉ ከዓረብ አገር ይዞ የመጣ ቢሆንም ከአንድ መስኮት ሲሸጡ የዘር ሐረጋቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጠው ልጅ ጨውና ሚጥሚጣውን በትንሽ ወረቀት ጠቅልላ ትሰጣለች፤ መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላም በመስኮት በኩል መልስ ለመስጠት አብራ ትሮጣለች። መልሱን ሳትሰጥ የቀረች እኛ አልገጠመችንም። በስሙኒና በሽልንግ ይገበያይ የነበረ ሰው ይህን ሲያነብ ያ ሳንቲም በእጁ ውስጥ ሲሞቅ ይሰማው ይሆናል።

በየቀበሌው የነበረው የመዝናኛ ክበብም ሳይነሣ አይታለፍም። ፓስታ በእንጀራ አድርጎ መብላትን በምን እንደምናስረዳ አናውቅም፤ ለጣልያን ሰው ብንነግረው የሚያዝን ይመስለናል፤ ለተማሪ ሆድ ግን ከእርሱ የሚሻል አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭማቂ ነበር። አቦካዶ ከታች፣ ማንጎ ከመካከል፣ ፓፓያ ከላይ፣ በማንኪያ የሚበላ ስፕሪስ! የሲዳማ አቦካዶ ቅቤ ነውና ይህን ጠጥቶ እራት የሚያምረው ሰው ጥቂት ነው።

ነገር ግን የሐዋሳ ቶሎ ደራሽ ማዕድ ሲባል ልባችን የሚሄደው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አሞራውን በሚገባ አይቷል፤ ገደል የሚያሰኝ ገደል ግን እኛ አላየንበትም። የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ማታ መረባቸውን ጥለው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ይስባሉ፤ ከሚወጣው ውስጥ አብዛኛው ቆሮሶ ሲሆን አምባዛም አለበት። እኛ ተማሪዎች በነበርንበት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ እሑድ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ከዚያ እንደርስ ነበር። ታንኳዎቹ ገና ከዳር ሳይጠጉ የዘይቱ ጭስ ከዛፎቹ መካከል ይታያል።

አሠራሩን ልብ ብላችሁ አድምጡ፤ በኋላ የምንመለስበት ነገር አለና። አንዱ ልጅ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ይፍቃል። ሁለተኛው ሆድ ዕቃውን ያወጣና በውኃ ያለቀልቃል። ሦስተኛው የዓሣውን ጎንና ጎን በቢላዋ ጥቅጥቅ አድርጎ ይተለትለዋል፤ ይህም የሚደረገው እሳቱ ቶሎ እስከ አጥንቱ እንዲገባ፣ ሥጋውም በጣት ሲነካ ፍልቅቅ እንዲል ነው። ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጡት ሴትዮ ከሦስተኛው ልጅ እጅ ተቀብለው ከብረት ድስቱ ዘይት ውስጥ ይለቁታል። ዘይቱ ይጮኻል። አንድ ሰው ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋራ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ዓሣው ወርቅ መስሎ ይወጣል። ከዳጣውና ከዳቦው በቀር ሌላ የሚጨመር የለም። ከራስና ከአጥንት የተፈላው ሾርባ፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት የገባበት፣ በኩባያ ይቀዳና ይከተላል። ማታ ያመሸ ሰው ይህን ሾርባ ሲጠጣ እንደ ገና የተወለደ ይመስለዋል ይባል ነበር፤ እኛ አላመሸንም ብንል የሚያምነን የለምና እንለፈው።

ሴትዮዋን ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። እትዬ መጻፍ አያውቁም፤ ነገር ግን የአርባ ተማሪ ዱቤ በቃላቸው ይይዙ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ባልንጀራችን ያለበትን ዕዳ ቀንሶ ሊናገር ቢሞክር፣ የትኛው እሑድ ስንት ዓሣ እንደ በላ፣ ምን ዓይነት ሹራብ ለብሶ እንደ ነበረ፣ ዳቦውንም ከማን ነጥቆ እንደ በላ አንድ በአንድ ቆጠሩለት። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሞከረም።

የተቀመጥንበት አግዳሚ ከግንድ የተጠረበ ነበር። በአንደኛው ጫፍ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከእርሱ ቀጥሎ መምህራችን፣ ከመምህራችን ቀጥሎ ተሸካሚ፣ ከዚያ እኛ። መምህራችን በክፍል ውስጥ ቀና ብለን የማናያቸው ሰው ነበሩ። እዚያ ግን እጃቸው እስከ አንጓው በዘይት ተለውሶ፣ ዳጣው አፍንጫቸውን እያስነጠሳቸው፣ «እስኪ ያቺን ዳቦ አቀብለኝ» ይሉናል። ዓሣ በሹካ ስለማይበላ በጣት ሲበላ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው። የልጁም አባት፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሰው ሁሉ ከጅራቱ ወይም ከመካከሉ ሲጀምር እርሱ ሳህኑን አዙሮ ከራሱ ይጀምር ነበር። የጉንጩ ሥጋ ከሁሉ ይጥማል ባይ ነው። እኛ አንዱን ጎን ሳንጨርስ የእርሱ ዓሣ ማበጠሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በዙሪያችን አባ ኮዳዎች ይቆማሉ። ይህን ወፍ ያላያችሁ ካላችሁ፣ ጥቁር ካፖርት ደርቦ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ ጡረተኛ ዳኛ አስቡ። ከሰው የማይሸሽ፣ የማይቸኩል፣ የዓሣው አንጀት እስኪጣልለት በትዕግሥት የሚጠብቅ ፍጡር ነው። ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ግን ከእጃችን ዳቦ ይነጥቃል።

ይዞ ለሚሄድ ሰው ዓሣው በጋዜጣ ይጠቀለልለታል። ይህንን ስንጽፍ ጥቂት እናፍራለን። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ የት እንደሚደርስ ይመኛል፤ እኛ ግን የስንቱ ሊቅ ድርሰት ዘይት ጠጥቶ፣ ቆሎ ተሸክሞ፣ ፊደሉ በዓሣው ቆዳ ላይ ተገልብጦ ታትሞ እንዳየን እናውቃለን። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በእንግሊዝ አገርም የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሠራተኛው ሕዝብ ቶሎ ደራሽ ምግብ ሆኖ ሲኖር ለብዙ ዘመን በጋዜጣ እየተጠቀለለ ይሸጥ ነበር። መንግሥቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥጋውንና ቅቤውን ሁሉ በራሽን ሲያደርግ ይህን ምግብ ሳይነካ ተወው።

አሁን ወደ ጀመርነው በርገር እንመለስ። በአሜሪካን አገር በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ በምትባል ከተማ፣ ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በእኛ አቆጣጠር በ1932 ዓ.ም. አንድ ምግብ ቤት ከፈቱ። ቤቱ ደኅና ይሠራ ነበር፤ ነገር ግን የምግቡ ዓይነት በዛባቸው። በ1941 ዓ.ም. ዘግተው አደሱትና ዝርዝሩን ወደ ዘጠኝ ዓይነት ዝቅ አደረጉት። አስተናጋጁን አስቀሩ፤ ሹካና ሳህኑን አስቀሩ፤ ወጥ ቤቱንም እንደ ፋብሪካ ከፋፈሉት፤ አንዱ ሥጋ ይጠብሳል፣ አንዱ ዳቦ ያዘጋጃል፣ አንዱ ይጠቀልላል። ሀምበርገሩን በ15 ሳንቲም ሸጡት። ሬይ ክሮክ የተባለው ነጋዴ ይህን አይቶ በ1947 ዓ.ም. በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር የራሱን ቅርንጫፍ ከፈተና ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። እንግዲህ ልብ አላችሁ? አንዱ ይፍቃል፣ አንዱ ያለቀልቃል፣ አንዱ ይተለትላል፣ እትዬ ይጠብሳሉ። አንድ ምግብ ብቻ፣ ሹካ የለም፣ አስተናጋጅ የለም፣ ዋጋው ትንሽ። ወንድማማቾቹ አስበው የደረሱበትን እነ እትዬ ድኅነትና የእሑድ ሕዝብ አስተማራቸው። እትዬ ግን ቅርንጫፍ አልከፈቱም።

ትዝታውም ቢሆን የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ዛሬ የሚያለቅሱላቸው የጥንት ቶሎ ደራሽ ቤቶች አሏቸው። በ1894 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ የተከፈተው አውቶማት የሚባለው ቤት ሰው ሳንቲም ከግድግዳ ውስጥ ጨምሮ፣ የመስተዋቱን በር ከፍቶ ምግቡን ራሱ የሚያወጣበት ነበር፤ በኒው ዮርክ የቀረው የመጨረሻው በ1983 ዓ.ም. ተዘጋ። ሃዋርድ ጆንሰን የተባለው፣ በጣራው ብርቱካንማ ቀለም የታወቀው ድርጅት አንድ ጊዜ በየአውራ ጎዳናው ከሺህ በላይ ቤቶች ነበሩት፤ በ2014 ዓ.ም. የመጨረሻው ሲዘጋ ሽማግሌዎች ልጅነታቸው የተዘጋ ያህል አዘኑ። በሞስኮ ደግሞ ጥር 23 ቀን 1982 ዓ.ም. የመጀመሪያው ማክዶናልድ ሲከፈት ሕዝቡ በብርድ ተሰልፎ ዋለ፤ በ2014 ዓ.ም. ኩባንያው ከሩሲያ ሲወጣም የመጨረሻውን በርገር ለመብላት የተሰለፈ ነበር። ወደ አገራችን ስንመለስም፣ በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ፒያሳ በሰፊው ሲፈርስ ብዙ ሰው ካነሣው ትዝታ አንዱ የኬክ ቤቱ ወረፋ ነበር፤ ማኪያቶውና ሚልፎሊው፣ በተለይም የእንሪኮ ኬክ።

ነገር ግን ትዝታ ሁሉን ነገር በዘይት የሚጠብስ ወጥ ቤት ነው፤ የጠነዛውንም ያጣፍጠዋል። ስለዚህ ለወጣቶቹ እውነቱን ሳንናገር ብንቀር ሐሰተኞች እንሆናለን። ያ ዘይት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚገለበጥ ማንም አይቆጥርም ነበር። ዓሣው የሚታጠብበት ውኃ ከዚያው የሚቀዳ ነው። ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት የጀግንነት ምልክት ስለ ነበር፣ እኛም ስሙን በማንጠራው አንድ ስፍራ በጀግንነት በልተን ሦስት ቀን አልጋ ላይ ውለናል። ጥሬ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊያሳድር እንደሚችል የሕክምና ሰዎች ያስተምራሉ፤ እኛ የተማርነው ከሆዳችን ነው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ያ እኩል ያደርገን ነበር ያልነው አግዳሚ ሴቶችን አያስቀምጥም ነበር። የምትጠብሰው ሴት፣ የምታጥበው ሴት፤ ተቀምጣ የምትበላ ሴት ተማሪ ግን ብትታይ ነገ በየመኝታ ቤቱ ወሬዋ ይወራል። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ወጣት ሴቶች ሦስትና አራት ሆነው ምሳቸውን በልተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ እየሳቁ ሲወጡ ስናይ ያ ዘመን እንዲመለስ አንመኝም።

ታዲያ የምንናፍቀው ምኑን ነው? እኛ እንደሚመስለን ነገሩ ወዲህ ነው። በርገር በተወለደበት አገር የተፈጠረው ለቸኮለና ገንዘብ ላነሰው ሰው ነው። ወደ እኛ ሲደርስ ግን የልደት ቀን ምግብ፣ የእጮኛ ምግብ፣ ፎቶግራፍ የሚነሡበት ምግብ ሆነ። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ፒሳ ሃት በአዲስ አበባ ሲከፈት ሰው የሄደው ቸኩሎ ለመብላት ሳይሆን ለማየትና ለመታየት ነበር። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰው መዝናናት ያስፈልገዋል። ነገር ግን «ቶሎ ደራሽ» የሚለው ስም ከባለጸጋው ቤት ሲገባ፣ የቸኮለው ድኻ ያለ ስም ውጭ ቀረ። የባልንጀራችን ልጅ ያንን በርገር የሚበላው ደመወዝ በወጣ ሰሞን ብቻ መሆኑን በኋላ ሰምተናል፤ ያን ዕለት የወሰደንም እንግዳ ለማክበር ብሎ ነው።

ዓሣውስ ቢሆን? ወጣቱ ወደ ዓሣ እንዳይመለስ ደግሞ ዓሣው ራሱ ተወዷል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እንተወው፤ ገበያው ግን መልሱን ያገኘ ይመስላል፣ በዐቢይ ጾም ፈላጊው ይበዛልና። ዋናው ምክንያት ግን ሐይቁ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ በመሬት ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም፤ የገባበት ቆሻሻ የሚሄድበት የለም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ወንዝ ጥቁር ውኃ ሲሆን፣ ለወንዙ ማጥሪያ ሆኖ የኖረው የጨለለቃ ረግረግ ተመናምኗል። የዓሣ ባለሙያዎችም ቆሮሶው ከአቅም በላይ እየተሰገረ መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል። ቆሮሶ እንደ ሌላው ዓሣ እንቁላሉን በትኖ የሚሄድ አይደለም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ከአፏ ይገባሉ። እንግዲህ በዚያ ወራት አንዲት እናት ከመረብ ስትገባ ከነልጆቿ ነው። ዓይኑ የጠበበ መረብ ደግሞ ወልዶ ያልጠገበውንም፣ ጨርሶ ያልወለደውንም ይዞ ይወጣል። የዓሣ ሀብትን ስለ ማልማትና መጠቀም በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 315 እንዲህ ያለው አሰጋገር እንዲቆም የታሰበበት ነው። እኛ በዚያ አግዳሚ ላይ የበላነው ዓሣ ከክንዳችን የሚተካከል ይመስለን ነበር። ትዝታ አስረዝሞት ይሆናል፤ ነገር ግን የዛሬው መዳፍ የሚያህል መሆኑን ዓይናችን አይቷል።

አሁን ደግሞ ለወጣቶቹ አንድ ነገር እንንገራችሁ። እናንተ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የምትናፍቁት ያንን ቀይና ቢጫ ቤት አይመስለንም። ከሥራ ስትወጡ በመንገዱ ዳር በጄሪካን ዘይት፣ በአንዲት ምድጃ ድንች የምትጠብሰውን ልጅ ነው። ዳቦውን ሰንጥቃ፣ ድንቹን ሞልታ፣ ዳጣውን ቀብታ «እርጥብ» የምትሰጣችሁን። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ሺህ ወጣት ሴቶች ከገጠር መጥተው በአንድ ክፍል ሦስትና አራት እየሆኑ ሲኖሩ፣ ከፈረቃ ወጥተው የደከመ ሰውነታቸውን ይዘው ሲመለሱ የሚያገኟት እርሷን ነው። እርሷ ግን አንድ ዓይኗ በዘይቱ ላይ፣ አንድ ዓይኗ በደንብ አስከባሪው ላይ ነው። ምድጃዋን በአንድ እጅ፣ ልጇን በአንድ እጅ ይዛ ስትሮጥ አይተናታል። መንገዱ ለእግረኛ ይፈለጋል፤ ንጽሕናም ግዴታ ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ጣራና አንድ አግዳሚ ያለበት ስፍራ ለእነዚህ ሴቶች ቢለይላቸው ከተማው ምን ይጎድልበታል? እትዬም ብትሆን በጊዜዋ በፈቃድ የተቀመጠች አልነበረችም።

ከምሳው በኋላ በሐዋሳ አራት ቀን ቆየን። እሑድ ማለዳ ልጁ ራሱ ካረፍንበት መጥቶ አንኳኳና፣ «ጋሼ፣ ተነሡ፤ ዓሣ እንብላ» አለን። ወደ ሐይቁ ወረድን። አካባቢው ባለፉት ዓመታት ብዙ ተለውጧልና አግዳሚያችን የነበረበትን ስፍራ ለይተን ልናሳየው አልቻልንም፤ «ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ነው» ብለን በእጃችን ጠቆምነው። ከትንንሾቹ ዓሣ ቤቶች ወደ አንዱ ገብተን ሁለት አዘዝን። ዓሣው ትንሽ ነበር፤ ዋጋው ትንሽ አልነበረም። ቶሎ ግን ደረሰ።

እኛ ስለ አባቱ የበላል ነገር ገና አልነገርነውም ነበር። ዳቦ ልንቆርስ ጎንበስ ብለን ቀና ስንል ልጁ ሳህኑን አዙሮ ከራሱ ጀምሯል። ለምን እንደዚያ እንደሚበላ ጠየቅነው። «የጉንጩ ሥጋ ይጥመኛል» አለን። ማን አስተማረህ ብንለው፣ ማንም እንዳላስተማረው ነገረን። ከዚያ በኋላ ነው የአባቱን ያጫወትነው፤ እርሱም መብላቱን ትቶ እስከ መጨረሻው ሰማን፤ ሾርባውም ቀዘቀዘ። ሒሳቡን ልንከፍል እጃችንን ወደ ኪሳችን ስንሰድ፣ «የዛሬው የእኔ ነው፤ ደመወዝ ወጥቷል» ብሎ ከለከለን።